መሣሪያን እንደ ፋይል፦ የዴኒስ ሪቺ ሕይወትና የዩኒክስ ድራይቨሮች

በስርዓተ ክወና ትምህርት የዴኒስ ሪቺ ስም በአብዛኛው የሚነሣው በሁለት ሥራዎቹ ነው፤ ከኬን ቶምፕሰን ጋር ዩኒክስን በመሥራቱና የሲ ቋንቋን በመንደፉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው እምብዛም በማይወሳው ሦስተኛ ሥራው ላይ ነው፤ ይኸውም ዲስክን፣ ማተሚያንና ተርሚናልን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ከስርዓቱ ጋር የሚገናኙበትን፣ ሲያስፈልግም የሚጨመሩበትንና የሚነሡበትን መንገድ በመቀየሱ ነው። ሕይወቱን በዚህ በኩል መመልከት ለእኛ ተግባራዊ ትርጉም አለው። አሮጌ ማተሚያ ወይም በእርዳታ የተገኘ ስካነር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ የተበላሸ አካል የለውም፤ የጎደለው ድራይቨር ነው። ዕቃው ግን በንብረት ክፍል መዝገብ ላይ ከተበላሹት ጋር ይጻፋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር የአንድን መሣሪያ ጠባይ ለይቶ የሚያውቅ የፕሮግራም ክፍል ነው። ለመሣሪያው ትእዛዝ የሚጻፈው በየትኛው ሬጅስተር ላይ እንደሆነ፣ መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ የሚልከው የማቋረጫ ምልክት እንዴት እንደሚስተናገድ፣ ስሕተት ሲፈጠር ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። የተቀረው ስርዓት ይህን ሁሉ ሳያውቅ እንዲኖር ማድረግ የሪቺ ትልቅ ሐሳብ ነበር።

ሪቺ መስከረም 9 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ብሮንክስቪል በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በኒው ጀርሲ፣ ሰሚት ውስጥ ነው። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሠራ ተመራማሪ ሲሆን፣ በ1951 ስለ መቀያየሪያ ዑደቶች አነዳደፍ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ በዘርፉ የታወቀ ነው። የስልክ ጥሪን ከብዙ መስመሮች መካከል ወደ ትክክለኛው የሚመራው የዚህ ዓይነቱ ዑደት ነው። ልጁ በኋላ በሠራው ስርዓት ውስጥ አንድን ትእዛዝ ከብዙ መሣሪያዎች ወደ ትክክለኛው የሚመራው ሰንጠረዥ በእንግሊዝኛ ስሙ መቀያየሪያ የሚለውን ቃል መያዙ ምናልባት አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሳይጠቅሱት ማለፍ ያስቸግራል።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቶ በ1963 የመጀመሪያ ዲግሪውን ካገኘ በኋላ በዚያው በተግባራዊ ሒሳብ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ቀጠለ። የመመረቂያ ጥናቱ ያተኮረው በፕሮግራም አወቃቀርና በስሌት ውስብስብነት ግንኙነት ላይ ነበር። የመረጠው ማሳያ እጅግ ቀላል የሆነ ቋንቋ ነው፤ በቋንቋው ለተለዋዋጭ ዋጋ መስጠት፣ አንድ መጨመርና የድግግሞሹ ብዛት አስቀድሞ የታወቀ ዙር ማዞር ብቻ ይቻላል። ዙሮቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ምን ያህል ጥልቀት እንደተደራረቡ በማየት ብቻ ፕሮግራሙ ሊፈጅ የሚችለውን ጊዜ መገደብ እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ ጥናት ጋር የተያያዘ ጽሑፍ በ1967 ከአልበርት ሜየር ጋር አቅርቧል።

ጥናቱ በ1968 ተጠናቀቀ፤ ዲግሪው ግን አልተሰጠውም። ሜየር በኋላ እንዳስታወሰው፣ ዩኒቨርሲቲው ለቤተ መጻሕፍቱ የተጠረዘ ቅጂ እንዲያስገባ ጠይቆት ነበር። ሪቺ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂውን ከፈለገ የመጠረዣውን ዋጋ ራሱ ይክፈል የሚል አቋም ያዘና ጉዳዩ በዚያው ቀረ። ለመጨረሻ ፊርማና ለጥራዝ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሪቺ የአባቱ መሥሪያ ቤት በነበረው ቤል ላቦራቶሪ ከተቀጠረ አንድ ዓመት ሆኖት ነበርና ዲግሪው ለሥራው አላስፈለገውም።

በላቦራቶሪው የተመደበው በመልቲክስ ፕሮጀክት ላይ ነበር። መልቲክስ ኤምአይቲ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላቦራቶሪ በጋራ የጀመሩት ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ግዙፍ ስርዓት ሲሆን፣ ቤል በ1969 ከሥራው ወጣ። በዚያው ዓመት ቶምፕሰን ብዙም በማይፈለግ ፒዲፒ 7 ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ስርዓት ጻፈ፤ የፋይል ስርዓቱን የነደፉት ቶምፕሰን፣ ሪቺና ሩድ ካናዴይ ነበሩ። በዚህ ንድፍ ላይ መሣሪያዎችም እንደ ፋይል ይቆጠሩ የሚለው ሐሳብ የሪቺ ድርሻ ነው።

ሐሳቡ ዛሬ ተራ ስለሚመስል ክብደቱን ለማየት የቀድሞውን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የዘመኑ ስርዓቶች ለካርድ ማንበቢያ፣ ለቴፕና ለማተሚያ የተለያየ ትእዛዝ ነበር፤ ከዲስክ እንዲያነብ የተጻፈ ፕሮግራም ከቴፕ እንዲያነብ ሲፈለግ መለወጥ ነበረበት። በዩኒክስ ግን ዴቭ በተባለ ማውጫ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ልዩ ፋይል ተቀመጠለት። ፋይሉ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይጻፍበታል፣ ይዘጋል። የንባብና የጽሕፈት ፈቃዱም እንደማንኛውም ፋይል ነው። በውስጡ ግን ጽሑፍ የለም፤ ያለው የመሣሪያውን ዓይነት የሚያመለክት ዐቢይ ቁጥርና ከዚያ ዓይነት ውስጥ የቱ እንደሆነ የሚለይ ንዑስ ቁጥር ብቻ ነው።

በሜክሲኮ ጣቢያ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር ለሚሳፈር አንባቢ አሠራሩን መግለጽ አይከብድም። ከአያት የመጣውም ከቃሊቲ የመጣውም ባቡር መሐል ከተማ ሲደርስ በአንድ ሐዲድ ይገባል፤ ሜክሲኮ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለቱንም በአንድ መንገድ ሲያልፉ ያያል። ልደታን ሲሻገሩ ግን መቀየሪያው አንዱን ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላውን ወደ መርካቶ አቅጣጫ ይመራዋል። የዩኒክስ የንባብና የጽሕፈት ጥሪዎችም እንዲሁ የጋራ ሐዲድ ናቸው። ስርዓቱ ከፋይሉ ላይ ዐቢዩን ቁጥር ያነብና በከርነሉ ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ በዚያ ቁጥር ላይ ወደ ሰፈረው ድራይቨር ይሻገራል። ሰንጠረዦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እንደ ዲስክ በጥቅል ለሚያነቡ፣ ሌላው እንደ ተርሚናል በፊደል በፊደል ለሚያስተላልፉ መሣሪያዎች። በእያንዳንዱ ረድፍ የተቀመጡት የድራይቨሩ ተግባራት አድራሻዎች ናቸው።

በ1970 ክረምት ማብቂያ ላይ ቡድኑ 65,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፒዲፒ 11 ኮምፒውተር አገኘ። ፈቃዱ የተገኘው የጽሑፍ ማዘጋጃ ስርዓት እንሠራለን በሚል ሲሆን፣ የመጀመሪያ ደንበኛቸውም የላቦራቶሪው የፓተንት ክፍል ሆነ። ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ምርት ስለነበር ዲስኩ እስከ ታኅሣሥ አልደረሰም። እስከዚያው ማሽኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ በ6 በ8 የቼዝ ሰሌዳ ላይ ፈረስ ሁሉንም ቤት ረግጦ ወደ መነሻው የሚመለስባቸውን መንገዶች ሲቆጥር ሦስት ወር ቆየ። ዲስኩ ሲመጣ ስርዓቱ በፍጥነት ተሠራ። ጠቅላላው ማስታወሻ 24 ኪሎ ባይት ነበር፤ ከዚህም 16ቱን ስርዓቱ ራሱ ይወስዳል። ስለ ዩኒክስ ንድፍ የሚሰጥ ማንኛውም ፍርድ ይህን ቁጥር መርሳት የለበትም።

በ1973 ሪቺና ቶምፕሰን ከርነሉን በሲ ቋንቋ መልሰው ጻፉት። ሲ ከቶምፕሰን ቢ ቋንቋ ተነሥቶ በሪቺ እጅ ያደገ ነው። ለድራይቨር ጸሐፊ ያመጣው ለውጥ ግልጽ ነበር፤ የመሣሪያው ሬጅስተሮች በማስታወሻ አድራሻ የሚገኙ በመሆናቸው በሲ ጠቋሚ በኩል እንደ ተራ ተለዋዋጭ ሊነበቡና ሊጻፉ ቻሉ። ከዚያ በፊት በአሴምብሊ ብቻ ይጻፍ የነበረው ሥራ አንድ ጥሩ ተማሪ ሊያነበው ወደሚችለው ቋንቋ ገባ።

ሪቺ በስድስተኛው የዩኒክስ ዕትም ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ስለ ግብዓትና ውፅዓት ስርዓቱ አጭር የቴክኒክ ሰነድ ጻፈ። አዲስ ድራይቨር መጨመር የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበትን የያዘው ያ ሰነድ ነው። ሥራው በዚያ ዘመን እንዲህ ይከናወን ነበር። ጸሐፊው የመክፈት፣ የመዝጋት፣ የማንበብና የመጻፍ ተግባራትን በሲ ያዘጋጃል። የመሣሪያውን ስም በዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ሰንጠረዡን የሚያመነጨውን ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ፕሮግራሙ የማቋረጫ ምልክቶቹንም ከየድራይቨራቸው ጋር ያገናኛል። ከዚያ ከርነሉ በሙሉ እንደገና ይጣመራል፣ ወደ ዲስክ ይገለበጣል፣ ማሽኑም ጠፍቶ ይነሣል። በመጨረሻ ኤምኬኖድ በተባለው ትእዛዝ ቁጥሮቹን የያዘው ልዩ ፋይል በዴቭ ውስጥ ይፈጠራል። መሣሪያ ሲነሣ ደግሞ ረድፉ መሣሪያ የለም የሚል የስሕተት መልስ በሚሰጥ ባዶ ተግባር ይተካል፤ ከርነሉ ዳግም ይጣመራል፤ ፋይሉም ይሰረዛል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታ አለ። ልዩ ፋይሉ የሚይዘው ቁጥር እንጂ የድራይቨር ስም አይደለም። አንድ ሰው ድራይቨሩን ሲያነሣ ረድፉን በባዶ ተግባር ከመተካት ይልቅ ጨርሶ ቢያወጣው ከሥሩ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ከፍ ይላሉ፤ የቀድሞ ፋይሎች ግን የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ይቀራሉ። በማተሚያው ስም የተጻፈ ሰነድ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊሄድ ይችላል፤ ያ መሣሪያ ዲስክ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ባዶው ረድፍ እንደ ተራ ማስታወሻ መታየት የለበትም፤ የሌሎቹን ቦታ የሚጠብቅ ነው።

እነዚህ ድራይቨሮች በስፋት የተነበቡት ባልታሰበ መንገድ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆን ላየንስ የስድስተኛውን ዕትም ከርነል ሙሉ ጽሑፍ ከማብራሪያ ጋር ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። ከ10,000 መስመር በታች የሆነው ይህ ጽሑፍ የዲስኩን፣ የተርሚናሉንና የማተሚያውን ድራይቨር ይዟል። ፈቃድ ስለተከለከለ መጽሐፉ በ1996 በይፋ እስኪታተም ድረስ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የፎቶ ኮፒ ቤቶችን ወረፋ ለሚያውቅ የሀገራችን ተማሪ ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1977 ሪቺና ስቲቭ ጆንሰን ዩኒክስን ኢንተርዳታ 8/32 ወደተባለ ፈጽሞ የተለየ ማሽን ለማሻገር ተነሡ። በዚህ ሥራ ሲ ከነበረበት ማሽን ልማድ እየተላቀቀ ሄደ፤ በስርዓቱም ውስጥ የማሽን ጥገኛ የሆነውና ያልሆነው ተለየ። ከርነሉ በአብዛኛው ሳይነካ ተሻገረ፤ በአዲሱ ማሽን መሣሪያዎች መሠረት እንደ አዲስ መጻፍ ከነበረባቸው ጥቂት ክፍሎች መካከል ድራይቨሮቹ ይገኛሉ። ይህ ዛሬም አልተለወጠም። አንድ ስርዓት ወደ አዲስ ስልክ ወይም ወደ አዲስ ሰሌዳ ሲሻገር ጊዜ የሚፈጀው የድራይቨር ሥራ ነው።

የፋይሉ ሐሳብ ስንጥቅ እንደነበረበትም መካድ አይገባም። ማንበብና መጻፍ የተርሚናልን ፍጥነት ለመለወጥ ወይም ቴፕን ወደ ኋላ ለማጠንጠን አይበቁም። መጀመሪያ ለተርሚናል ብቻ የነበረው የመቆጣጠሪያ ጥሪ በ1979 በሰባተኛው ዕትም አይኦክትል በሚል ስም ለማንኛውም መሣሪያ ክፍት ሆነ። በእኔ ግምት ከሪቺ ንድፍ ሁሉ ብዙ ዕዳ ያተረፈው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን የምስጢር ቁጥሮች በዚህ በር እንዲያስገባ ፈቀደና የጋራው ሐዲድ ለየመሣሪያው በየራሱ መንገድ ተከፋፈለ። በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ የተሠራው ፕላን 9 ይህን ጥሪ ትቶ ትእዛዙ በግልጽ ጽሑፍ የሚጻፍበት የመቆጣጠሪያ ፋይል ለየመሣሪያው መስጠቱ ለዚህ አስተያየት ድጋፍ ይሆናል።

ሪቺ ራሱ ለዚህ ችግር አቅራቢያ የሆነ ሌላ መፍትሔ በ1984 አቅርቧል። ስትሪም ብሎ በሰየመው ንድፍ በተጠቃሚው ፕሮግራምና በመሣሪያው ድራይቨር መካከል ያለው መስመር ሁለት አቅጣጫ ያለው ቦይ ይሆናል፤ በቦዩ መካከል የማቀነባበሪያ ሞጁሎች በላይ በላይ ይደረደራሉ። ፕሮግራሙ መስመሩ እንደተከፈተ፣ ከርነሉን ሳያጣምርና ማሽኑን ሳያጠፋ፣ አንድ ሞጁል ሊጨምር ወይም ከላይ ያለውን ሊያነሣ ይችላል። በተማሪዎች ዘንድ የሚታይ አንድ ግራ መጋባት በዚህ ሐሳብ ይጠራል። አማርኛ ለመጻፍ የሚጫነው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የኪቦርድ ድራይቨር ይባላል፤ በዩኒክስ ወገን ስርዓቶች ግን ድራይቨሩ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው። ሁለት ቁልፎችን አጣምሮ ፊደል የሚያወጣው ከድራይቨሩ በላይ የተቀመጠ ሌላ ንብርብር ነው፤ እርሱን መጫንም ማንሣትም ከርነሉን አይነካም።

ማሽኑን ሳያጠፉ ድራይቨሩን ራሱን መጫንና ማንሣት የተለመደው በሌሎች እጅ ነው። በ1990ዎቹ ሶላሪስና ሊኑክስ ድራይቨርን እንደ ተጫኝ ሞጁል ያዙ። በሊኑክስ ኢንስሞድ ወይም ሞድፕሮብ ይጭናል፣ ኤልኤስሞድ ይዘረዝራል፣ አርኤምሞድ ያነሣል። መጫን የሪቺን ሰንጠረዥ ረድፍ በሥራ ላይ እያሉ እንደ መሙላት ነው። ማንሣት ግን ይከብዳል። ድራይቨሩ የያዘውን ማስታወሻ መመለስ፣ የተመዘገበበትን የማቋረጫ ምልክት መልቀቅ፣ የቀጠረውን የጊዜ ቆጣሪ መሰረዝ አለበት። አንዱን ቢረሳ ከርነሉ ቆይቶ ድራይቨሩ ወደነበረበት አድራሻ ይዘላል፤ በዚያ ግን ምንም የለም። ስርዓቱ በሙሉ የሚወድቀው በዚህ ነው። ሊኑክስ የየሞጁሉን ተጠቃሚዎች እየቆጠረ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ አርኤምሞድን እምቢ የሚለውም ለዚሁ ነው። ትእዛዙን በግድ ለማስፈጸም የሚሞክር ተማሪ አስቀድሞ መሣሪያውን የከፈተው ማን እንደሆነ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ያለ ገደብ መኖሩ ከመጀመሪያው ንድፍ የተወረሰ ነው። በ16 ኪሎ ባይት ከርነል ውስጥ፣ ድራይቨሩን የሚጽፉት ሁለት ሦስት ሰዎች በነበሩበት ጊዜ፣ ሌላ ምርጫ ማድረግ ትርፉ አይታይም ነበር። ዛሬ ግን ጸሐፊውን የማናውቀውን ድራይቨር ስንጭን ለዚያ ሰው የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን እየሰጠን ነው።

ክብሩ በየጊዜው መጣ፤ በ1983 ከቶምፕሰን ጋር የቱሪንግ ሽልማትን፣ ከዚያም የ1998ን የአሜሪካ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ፣ በ2011 የጃፓን ሽልማትን ተቀበለ። ከብሪያን ከርኒሃን ጋር በ1978 ያሳተመው የሲ መጽሐፍ በብዙ አገር የመማሪያ መጽሐፍ ሆነ። ሪቺ በላቦራቶሪው የስርዓተ ሶፍትዌር ምርምር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ በ2007 በጡረታ ተገለለ። ትዳር አልመሠረተም፤ ብቻውን ይኖር ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 2011 በኒው ጀርሲ፣ በርክሊ ሃይትስ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 70 ነበር። ስቲቭ ጆብስ ከሞተ ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነው ዜናው ብዙም አልተሰማም፤ የአፕል ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚሠሩበት ስርዓት የዩኒክስ ተወላጅ መሆኑን የሚያውቁ ግን ልዩነቱን ታዝበዋል። በቀጣዩ ወር የወጣው ፌዶራ 16 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ለመታሰቢያው ተሰጠ።

የዚያን ያልተጠረዘ የመመረቂያ ጥናት ቅጂ በ2020 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በዲጂታል መልክ ለሕዝብ አቀረበ። በጽሕፈት መኪና የተተየበ ነው፤ ርእሱም የፕሮግራም አወቃቀርና የስሌት ውስብስብነት ይላል። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ወጪ ሳይኖርበት ሊያነበው ይችላል።